ከሕሙማኑ ጎን የተተከለ ላብራቶሪ
የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ታሪክ

ስመ ጥር የተላላፊ በሽታ ላብራቶሪዎች በብዛት የቆሙት በሽታው ባለበት ሳይሆን ፕሮፌሰሩና ገንዘቡ ባሉበት ከተማ ነው። ናሙናው በበረዶ ታሽጎ ከሩቅ ይመጣላቸዋል፤ ጀርሙን በመስታወት ሳህን ላይ ያባዙታል፤ አንዴ ከተባዛላቸው በኋላ በሽተኛው የት እንዳለ ባያውቁም ሥራቸው አይጓደልም። አዲስ አበባ ውስጥ በዘነበወርቅ ሰፈር፣ በአለርት ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በአጭር ስሙ አህሪ፣ እንዲህ ሊሠራ አይችልም ነበር። የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ነው። የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ደግሞ እስከ ዛሬ ድረስ በሳህን ላይ ያበቀለ ሰው የለም። ባክቴሪያው ወደ ላብራቶሪው አልመጣም ካለ፣ የቀረው መንገድ ላብራቶሪውን ወደ ሕሙማኑ መውሰድ ነበር። አህሪ የት እንደቆመ፣ ምን እንደመረመረ፣ በኋላም ሌሎች በሽታዎችን እንዴት እንደያዘ የሚያስረዳው ይኸው ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የመጣበት ከተማ

ኢንስቲትዩቱ የተሰየመላቸው ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1841 በኖርዌይ የተወለዱ ሐኪም ናቸው። ያኔ ኖርዌይ ድሃ አገር ነበረች፤ በምዕራብ ጠረፏ በሚኖሩ ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ዘንድ ሥጋ ደዌ ተስፋፍቶ ነበር። በ1856 መንግሥት ሕሙማኑን በስም፣ በመንደርና በቤተሰብ የሚመዘግብ ብሔራዊ መዝገብ ከፈተ። ለአንድ በሽታ ተብሎ በአገር አቀፍ ደረጃ የተከፈተ የመጀመሪያው መዝገብ ይህ ነው። ሐንሰን የሠሩባት የቤርገን ከተማም በርካታ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሎች ነበሯት።

የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ዳንኤል ኮርኔሊየስ ዳንየልሰን በሽታው በዘር የሚወረስ ነው ይሉ ነበር። እምነታቸው ጽኑ ስለነበር ከሕሙማን የተወሰደ ነገር በራሳቸው ሰውነት ላይ እስከ መከተብ ደርሰዋል፤ በሽታውም አልያዛቸውም። ሐንሰን የዳንየልሰን ረዳት ብቻ ሳይሆኑ አማቻቸውም ነበሩ። መዝገቡን ሲያገላብጡና በየመንደሩ ሲዞሩ ግን ሌላ ነገር ታያቸው፦ በሽታው የሚከተለው ዘርን ሳይሆን አብሮ መኖርን ነው። በየካቲት 1873 ከአንድ ታማሚ የቆዳ እብጠት በወሰዱት ናሙና ውስጥ በማይክሮስኮፕ ዘንግ የሚመስሉ ደቂቅ ነገሮችን አዩ። አንድ ባክቴሪያ ሥር የሰደደ የሰው በሽታ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ቀድመው ካመለከቱት ግኝቶች አንዱ ይህ ነው፤ ሮበርት ኮኅ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ያሳወቁት ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆይተው ነው።

ማየት አንድ ነገር ነው፤ ማረጋገጥ ግን ሌላ። ለማረጋገጥ ባክቴሪያውን ማባዛትና ወደ ሌላ አካል ማስተላለፍ ያስፈልግ ነበር፤ ሐንሰን ሁለቱም አልሆኑላቸውም። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሳሉ በ1879 የአንዲት ታማሚ ዓይን ላይ፣ ፈቃዷን ሳይጠይቁ፣ ከሌላ ታማሚ የተወሰደ ነገር ከተቡ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1880 ጥፋተኛ ተብለው የሆስፒታል ሐኪምነት ሥራቸውን ተነጠቁ። የአገሪቱ የሥጋ ደዌ ኃላፊነታቸው ግን አልተነካም። ስለዚህ ስማቸውን የተሸከመ የምርምር ተቋም ሁለት ቅርስ ወርሷል፦ ግኝታቸውንና ታማሚን እንደ መሣሪያ የመቁጠርን አደጋ። ዛሬ በአህሪና በአለርት የሚካሄድ ማንኛውም ጥናት ናሙና ከመወሰዱ በፊት የሁለቱን ተቋማት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ማግኘት አለበት።

ዘነበወርቅ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ያኔ ከከተማው ርቆ በነበረ ሜዳ፣ በ1930ዎቹ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተከፈተ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነውም ሳይድኑም ወደ ቀያቸው አልተመለሱም። ቤተሰብ ፊቱን አዙሯል፣ መሬቱ ተወስዷል፣ ትዳሩ ፈርሷል። ብዙዎቹ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው፣ ልጅ ወልደው፣ በገብረ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሰፈር መሠረቱ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ብሂል ሁሉም ያውቀዋል፤ ይህን በሽታ የገለጠ ሰው የሚከፍለው ዋጋ ግን ከመደበቅ የከፋ ነበር። ታማሚዎች ለምርመራ የሚመጡት ጣታቸው ከታጠፈ፣ እግራቸው ከቆሰለ በኋላ መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

በ1965 በዚሁ ቦታ ላይ አለርት፣ ማለትም የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ተሃድሶና ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ተቋቋመ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲና ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ድርጅቶች አብረው የመሠረቱት ነው። በሕንድ የታጠፉ ጣቶችን በቀዶ ሕክምና በመመለስ የታወቁት ዶክተር ፖል ብራንድም በምክር ተሳትፈውበታል። ዓላማው ከመላው አፍሪካ የሚመጡ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ሐኪሞች፣ ታማሚዎችና የታማሚ ቤተሰቦች በአንድ ሰፈር ተሰባስበዋል። የጎደለው ላብራቶሪ ነበር።

1970

ያንን ጎዶሎ የሞሉት የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ናቸው። በ1970 ከኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጋር ተስማምተው በአለርት ግቢ የምርምር ኢንስቲትዩት ከፈቱ፤ በሳይንሱ በኩል ከቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር አስተሳሰሩት፤ በሐንሰንም ስም ሰየሙት። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ወጣቱ ኖርዌያዊ የኢሚዩኖሎጂ ባለሙያ ቶሬ ጉዳል ነበሩ።

አዲስ አበባ ያኔ ለምርምር ላብራቶሪ እንግዳ አልነበረችም። ከፓሪስ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው፣ ሰፈሩን ሳይቀር ስሙን ያወረሰው የፓስተር ኢንስቲትዩት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያመርት ነበር። ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30,000 ሰው እንደገደለ የሚገመተውን የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተከታትሎ አጥንቷል። በ1964 ወደ መንግሥት ማዕከላዊ ላብራቶሪነት ተዛውሮ፣ ከብዙ ለውጥ በኋላ የዛሬው የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። ዶክተር አክሊሉ ለማ ደግሞ በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ምርምራቸውን በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መሥርተው ቀጠሉ። አህሪን ከሁለቱ የሚለየው አንድ በሽታ ብቻ፣ ያውም በአንድ ሆስፒታል በር ላይ ቆሞ፣ መያዙ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ግልጽ ነበር። ሥጋ ደዌ አንድ ባክቴሪያ ሆኖ ሳለ በሁለት ሰዎች ላይ ፈጽሞ የተለያየ መልክ ይይዛል። በአንዱ ላይ ሁለት ሦስት የደነዘዙ ነጣ ያሉ የቆዳ ምልክቶች ይወጡና ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ እንኳ አይገኝም። በሌላው ላይ ፊትና ጆሮ ያብጣሉ፤ ከጆሮ ጫፍ በምላጭ ተጭሮ የሚወሰደው ትንሽ ፈሳሽ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ልዩነቱ ከባክቴሪያው ይሁን ከሰውየው፣ መታወቅ ነበረበት።

ምርመራው የሚሠራው እንዲህ ነው። ከታማሚው ደም ይቀዳል፤ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ይለያሉ፤ ከሞተ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ጋር ተደባልቀው ለቀናት በሙቀት ይቀመጣሉ። ሕዋሳቱ ጠላታቸውን ካወቁት ይባዛሉ፤ ካላወቁት ዝም ይላሉ። ለዚህ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። ደሙ ትኩስ መሆን አለበት፤ ሕዋሳቱ ሳይሞቱ በሰዓታት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለባቸው። ባክቴሪያውም በሳህን ስለማይበቅል በዚያን ጊዜ በዋናነት የሚገኘው ከታማሚዎቹ የቆዳ እብጠት ነበር። ሁለቱም በአንድ ግቢ ውስጥ የሚገኙበት ቦታ በዓለም ላይ ብዙ አልነበረም።

መልሱ የመጣው ከሰውየው በኩል ነው። በባክቴሪያ የተሞሉት ታማሚዎች ሕዋሳት ሌሎች ጀርሞችን ሲያገኙ በሚገባ ይነሣሉ፤ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ግን እንዳላዩ ያልፋሉ። ጥቂት ምልክት ያላቸው ታማሚዎች ሕዋሳት ደግሞ ባክቴሪያውን ሲያገኙ አጥብቀው ይነሣሉ። በሽታው የሚይዘውን መልክ የሚወስነው የሰውነት መከላከያ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ምርመራው ወደ ጤነኞች ዞረ፤ ሕሙማኑን ወደሚያስታምሙ ሠራተኞችና አብረዋቸው ወደሚኖሩ ቤተሰቦች። በ1973 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል በወጣው ጥናት መሠረት፣ ከታማሚዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ በሥራ ከተገናኙት መካከል ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕዋሳታቸው ባክቴሪያውን ያውቁታል፤ እነሱ ግን ጤነኞች ናቸው። ትርጉሙ ከባድ ነው። ባክቴሪያው ከሚታሰበው በላይ በቀላሉ ይተላለፋል፤ የሚታመመው ግን ከተላለፈበት ሰው ጥቂቱ ነው። ሕሙማኑን ከሰው ለይቶ ማራቅ በሳይንስም ትርጉም የለሽ መሆኑን ከዘነበወርቅ የወጣ ደም መሰከረ።

ነርቭ፣ እናትና መድኃኒት

ከሆስፒታሉ ጎን መኖር ጥያቄ የሚመጣበትን አቅጣጫም ለወጠ። የአለርት ሐኪሞች መድኃኒት የጀመረ ታማሚ ደህና እየሆነ ሳለ ድንገት ምልክቶቹ ሲቀሉ፣ ሲያብጡ፣ ነርቩ ሲያመው፣ በቀናት ውስጥም እጁ ሲሰንፍ ያዩ ነበር። ብዙዎች ይህን የመድኃኒት ጉዳት አድርገው ይቆጥሩት ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአህሪ የተሠሩ የደም ምርመራዎች ከቁስሉ ቆዳ ጋር ተነጻጽረው ሲታዩ፣ በዚያ ሰዓት የታማሚው መከላከያ ባክቴሪያውን አውቆ እየተነሣ መሆኑ ታየ። ነርቩን የሚጎዳው ባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን የሰውነቱ የራሱ ውጊያ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ማቋረጥ ስህተት ነው፤ ትክክለኛው ነገር ሕክምናውን ሳያቆሙ ውጊያውን ፕሬድኒሶሎን በተባለ መድኃኒት ማብረድ ነው።

የማሕፀን ሐኪሟ ዶክተር ኤልሳቤጥ ደንካን በዚሁ ግቢ ሥጋ ደዌ ያለባቸውን ነፍሰ ጡሮች እርግዝናው፣ ወሊዱና ጡት ማጥባቱ እስኪያልቅ ተከታተሉ። በእርግዝና ጊዜና ከወሊድ በኋላ በሽታው እንደሚነሣሣ አሳዩ። ከኖርዌያዊው ሞርተን ሐርቦ ቡድን ጋር ከእትብት የተወሰደ ደም ተመርምሮ፣ አንዳንድ ሕፃናት ገና በማሕፀን ሳሉ ከባክቴሪያው ጋር እንደሚገናኙ የሚጠቁም ውጤት ተገኘ። ለዓመታት ቀጠሮ ጠብቀው የሚመጡ እናቶች ባይኖሩ ይህ ጥናት አይታሰብም ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ዓለምን የነካው ነው። ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ዋና መድኃኒት ዳፕሶን ነበር፤ ርካሽ፣ በአፍ የሚዋጥ፣ ለዓመታት አንዳንዴም ዕድሜ ልክ የሚወሰድ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን መልመዱን ለማረጋገጥ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ይህም አሜሪካዊው ቻርልስ ሼፐርድ በ1960 ያገኙት ዘዴ ነው፦ ባክቴሪያውን በአይጥ የእግር መዳፍ ውስጥ መክተብ። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ያለ የሰውነት ክፍል ስለሚወድ እዚያ ጥቂት ይበዛል፤ በእጥፍ ለመብዛት ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። አንጀት ውስጥ የሚኖር ተራ ባክቴሪያ ይህን የሚያደርገው በሃያ ደቂቃ ነው። ስለዚህ የአንድ ታማሚ ውጤት ለመታወቅ ወራት ያልፋሉ።

በአዲስ አበባ የሚሠሩት ዶክተር ፒርሰንና ባልደረቦቻቸው ለንደን ካሉት ከዶክተር ሪስ የአይጥ ላብራቶሪ ጋር ተባብረው ናሙናዎችን አስመረመሩ። በ1977 ያሳተሙት ውጤት አስደንጋጭ ነበር፦ ዳፕሶን ወስደው የማያውቁ አዲስ ታማሚዎችም ዳፕሶን የለመደ ባክቴሪያ ይዘው ተገኙ። መድኃኒት የለመደው ባክቴሪያ ከሰው ወደ ሰው መተላለፍ ጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ማስረጃ ከየአገሩ ሲከማች የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ታማሚዎች ዳፕሶንን ለብቻው ሳይሆን ከሪፋምፒሲንና ከክሎፋዚሚን ጋር አጣምረው እንዲወስዱ መከረ። ኢትዮጵያ በ1983 ጀመረችው። ዕድሜ ልክ የነበረው ሕክምና በስድስት ወር ወይም በአንድና በሁለት ዓመት የሚያበቃ ሆነ። አለርትም የታከሙትን ሰዎች ለዓመታት ተከታትሎ በሽታው ያገረሸባቸው ጥቂት መሆናቸውን መዘገበ።

ጉዳል ከአዲስ አበባ ከሄዱ በኋላ ከ1986 እስከ 1998 የዓለም ጤና ድርጅትን የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ምርምር መርሐ ግብር መሩ፤ ከዚያም የዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት፣ የጋቪ፣ የመጀመሪያ ኃላፊ ሆኑ።

በሽታው ሲቀንስ

የተሳካለት ሕክምና ተቋሙን ችግር ላይ ጣለው። ታማሚ ሲቀንስ ለጋሽም ይቀንሳል። አህሪ ግን በሩ ላይ ሌሎች ሕሙማን ነበሩት። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የቅርብ ዘመድ የሆነው የቲቢ ባክቴሪያ በኢትዮጵያ ከሁሉ በላይ ከሚገድሉት አንዱ ነበር፤ ኤች አይ ቪ ሲመጣ ደግሞ ባሰ። መሣሪያውና ሙያው ተመሳሳይ ስለነበር ተመራማሪዎቹ ወደ ቲቢ ተሸጋገሩ፤ ቁንጭርን የሚያመጣው ሌሽማንያና ወባም ተከተሉ።

በቲቢ ላይ ከተሠሩት አንዱ ባህላችንን በቀጥታ የሚመለከት ነው። በኢትዮጵያ ከቲቢ ታማሚዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሽታው ከሳንባ ውጭ፣ በተለይም በአንገት ዕጢ ላይ የሚወጣባቸው ናቸው። ይህ ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር ብዙ ነው። ለዘመናት የተጠረጠረው ሳይፈላ የሚጠጣ ወተት ነበር፤ የከብት ቲቢ ወደ ሰው እየተሻገረ ነው ተባለ። አህሪ ከአገር ውስጥና ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ከብቱንም ሰውንም መረመረ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ የፈረንጅ ላም እርባታዎች የከብት ቲቢ በብዛት ተገኘ። ከሰዎቹ ዕጢ የተወሰደው ባክቴሪያ ሲታይ ግን ከጥቂት በቀር የሰው ቲቢ ሆኖ ወጣ። ወተት ማፍላት ይቅር አይባልም፤ የበሽታው ዋና መተላለፊያ ግን የታማሚ ሳል ነው።

ከዚሁ ሥራ ያልተጠበቀ ነገር ተገኘ። በ2013 ይፋ እንደሆነው፣ በተለይ ከወልድያ አካባቢ የመጡ የቲቢ ባክቴሪያዎች በዓለም ከታወቁት የዘር ሐረጎች ከአንዳቸውም ጋር አልገጠሙም። ዛሬ በሳይንስ ሰባተኛው ሐረግ ይባላሉ፤ የሚገኙትም በአብዛኛው በኢትዮጵያና ከዚያ በወጡ ሰዎች ላይ ነው። ከወልድያ ናሙና የሚሰበስብ ባይኖር ሐረጉ ሳይታወቅ ይቀር ነበር።

ባለቤትና ጥያቄ ጠያቂ

አህሪ ለሦስት አሥርት ዓመታት በኖርዌይና በስዊድን ገንዘብ፣ በአብዛኛውም በውጭ ዳይሬክተሮች የተመራ ተቋም ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ ገባ፤ ምርምሩ ቀጠለ። በ2004 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተጠቃለለ፤ በ2016 ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ራሱን የቻለ የመንግሥት ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ። ለውጡ በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። ባለቤቱ ሲቀየር ጥያቄ የሚያቀርበውም ይቀየራል፤ የሚጠናው የአገሪቱ የጤና ፕሮግራም የሚቸገርበት ነገር ይሆናል፣ ወይም እንዲሆን ይጠበቃል።

መጋቢት 2020 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ሲታወቅ ይህ ተፈተነ። ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የተጠርጣሪ ናሙና ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር። የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራውን በአገር ውስጥ ሲጀምር አህሪም ቀድመው ከተሰለፉት ላብራቶሪዎች አንዱ ሆነ። ለሌሎች በሽታዎች የተገዙት የፒሲአር ማሽኖችና የሠለጠኑት እጆች በአንድ ወቅት ወደ አንድ ሥራ ዞሩ።

በ2022 በድሬዳዋ ወባ በበጋ ወቅት፣ ያውም በከተማ መሐል ተነሣ። ተለምዶ የወባ ወቅት ክረምት ሲያልፍ ነው፤ ቦታውም ገጠር። የአህሪ ቡድን ከታማሚዎች ቤት እየተነሣ ትንኞችን አሰባሰበ። ዋናው ተጠርጣሪ ከእስያ የመጣችው፣ በውኃ ታንከርና በበርሜል የምትራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ሆነች። ከታማሚዎቹ ደም የተገኙት ጥገኛ ተሕዋስያን ደግሞ ሌላ መርዶ ይዘው ነበር። አንዳንዶቹ በየጤና ኬላው የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን አያመርቱም፤ ታማሚው ወባ እያለበት መመርመሪያው «የለም» ይላል። አርቴሚሲኒን የተባለውን የወባ መድኃኒት የመቋቋም ምልክት ያላቸውም ነበሩ። በ2023 የታተመው ይህ ጥናት ለአፍሪካ ከተሞች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው።

የቀረው ዕዳ

ሥጋ ደዌ ግን አላለቀም። በአገር አቀፍ ስሌት «የሕብረተሰብ ጤና ችግርነቱ ቀርቷል» ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም፣ በኢትዮጵያ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠሩ አዲስ ታማሚዎች ይመዘገባሉ፤ ከመካከላቸውም ሕፃናት አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ከታማሚ ጋር አብረው ለሚኖሩ ሰዎች አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሪፋምፒሲን እንዲሰጥ መክሯል፤ መከላከያነቱ ግን ከፊል ነው። ከአንድ ቤት ልጆች መካከል ነገ የሚታመመው የትኛው እንደሆነ የሚናገር፣ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ርካሽ ምርመራ እስካሁን የለም።

ይህን ምርመራ የሚጠብቁት ሰዎች ድሆች ስለሆኑ ኩባንያዎች አይቸኩሉም፤ ለጋሾችም ገንዘባቸውን የሚወስዱት የዘመኑ ዜና ወደሆነው በሽታ ነው። ራሱን የቻለ አገራዊ ኢንስቲትዩት የሚለካው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በውጭ ፕሮጀክት የሚተዳደር ላብራቶሪ ፕሮጀክቱ ያዘዘውን ይመረምራል፤ የራሱ በጀት ያለው ግን ማንም ያላዘዘውን ጥያቄም መያዝ ይችላል። አህሪ ዛሬ ወባን፣ ቲቢን፣ ክትባትንና የዘረመል ምርምርን ይዞ ተስፋፍቷል፤ መስፋፋቱም ተገቢ ነው። ከበጀቱ ላይ ለሥጋ ደዌ ምርመራ ቋሚ ድርሻ መቁረጥ ግን ለአንድ ጥናት ብቻ የሚበጅ አይደለም፤ ከ1970 ጀምሮ ደማቸውን፣ ቆዳቸውንና የልጆቻቸውን እትብት ለሳይንስ የሰጡ የዘነበወርቅ ቤተሰቦች የሚጠይቁት ተገቢ ክፍያ ነው።